ቦራ ወድቆ አያውቅም

"ኧረ በቀኝ በኩል ሳበው! የአባቴን ስም አጣመምከው እኮ!"

ኡበይደላ መሰላሉ ላይ እንደቆመ በዲንቄ ጩኸት ሳቀና ገመዱን ሳብ አደረገው። ባነሩ ተስተካከለ። በትልልቅ ቀይ ፊደል "አባ ቦራ" ይላል፤ ከሥሩ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ፈረስ ጋሪ እየጎተተ አቧራ ያስነሳል። አዳራሹ የሰርግ አዳራሽ ነው። ባለፈው እሁድ ሙሽሮች የተቀመጡበት ወርቅማ ወንበር መድረኩ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ዲንቄም እንዳያነሱት ተማጽናለች። ዛሬ ከሰዓት አባቷ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

"የአዲስ አበባው ሰውዬ ከመድረሱ በፊት አባትሽን አምጪያቸው" አላት ኡበይደላ ከመሰላሉ እየወረደ። "ፊርማው ላይ እሳቸው መሃል ቢቆሙ ፎቶው ምን ሊመስል እንደሚችል አስቢው። ጨዋታውም አባ ቦራ፣ ሰውየውም አባ ቦራ!"

"ኮት ገዝቼላቸዋለሁ" አለች ዲንቄ።

"አልኩሽ እኮ! ወላሂ ዛሬ የአዳማ ሰው ጉድ ይላል።"

ሁለቱ አብረው የሠሩት ጨዋታ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ስልኩ ላይ ጋሪ ይነዳል። መንገደኛ ጭኖ፣ ባጃጅና አይሱዙ እየሸሸ፣ ጉድጓድ እየዘለለ፣ ከሌሎች ጋሪዎች ጋር በኦንላይን ይሽቀዳደማል። ፈረሱ የወደቀበት ከጨዋታው ይወጣል። ኮዱን የጻፈችው ዲንቄ ናት፤ ሥዕሉንና ገበያውን የያዘው ኡበይደላ። አሁን ከደራ፣ ከወለንጪቲ፣ ከኩየራ ሳይቀር የሚገቡ ተጫዋቾች አሉ፤ ዛሬ ደግሞ የመጀመሪያው የፊት ለፊት ውድድር ነው። ጨዋታውን ወስዶ በአገር ደረጃ አሰራጫለሁ ያለ ድርጅትም ሰው ልኳል።

ዲንቄ ባጃጅ ይዛ ወደ ቤት ገሰገሰች። ፖስታ ቤቱ አካባቢ አንድ ጎልማሳ ግራ ቀኙን ሳያይ አስፋልቱ ውስጥ ገባና ሾፌሩ ፍሬኑን በድንገት ረግጦ ጮኸበት።

"አንተ! አባ ቦራ ልትሆን አማረህ?"

ዲንቄ ከኋላ ፈገግ አለች። እንዳልሰማች ሆና፣ "ምን ማለት ነው እሱ?" ብላ ጠየቀችው።

"አታውቂም እንዴ? ወደቀ፣ ተፈጠፈጠ፣ አለቀለት ማለት ነዋ!" አለ ሾፌሩ በመስተዋቱ እያያት። "ፈተና የወደቀም አባ ቦራ ነው፣ ሴት እምቢ ያለችውም አባ ቦራ ነው። የሆነች ጌም አለች፣ ከሷ የመጣ ነው።"

ለኡበይደላ ይህን እስክትነግረው ቸኮለች። ከስልክ ወጥቶ ባጃጅ ሾፌር አፍ ውስጥ የገባ ስም! ከዚህ የተሻለ ምን ስም አለ? ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ያን ደስታዋን በኋላ ባስታወሰችው ቁጥር ታፍርበታለች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኦንላይን ጨዋታን ስም ግን መልአክ የሚያወጣው አይመስልም፤ ቢያወጣውማ ዲንቄና ኡበይደላ ያን ያህል ባልተጨቃጨቁ። ያኔ ቢሮ አልነበራቸውም። በእነ ዲንቄ ግቢ ከኒም ዛፉ ሥር ላፕቶፓቸውን ዘርግተው ነበር የሚሠሩት።

"ስም ማለት" ይል ነበር ኡበይደላ በባለ ሱቅ ልጅነቱ እየኮራ፣ "ደንበኛ በር ላይ ቆሞ የሚጮኸው ነው። አባቴ ሱቅ መጥቶ 'የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አለ?' ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። 'ኦሞ አለ?' ነው የሚለው። አጭር፣ አፍ የሚሞላ፣ ኦሮሞውም አማራውም ምላሱ ሳይተሳሰር የሚጠራው፣ ሌላ ሰው ያልቀደመን ስም ነው የሚያስፈልገን።"

"ጋሪ ኪንግ" አሉ፤ ኪንግ የሚል ጨዋታ ስቶሩ ውስጥ እንደ አሸዋ ነው። "የስምጥ ሸለቆ ጋላቢዎች" አለች ዲንቄ፤ የጂኦግራፊ ፈተና ይመስላል ብሎ ሳቀባት። "ፈጣኑ ሰረገላ" አለ እሱ፤ መዝሙር ይመስላል ብላ ብድሯን መለሰች። እንዲህ ሲባባሉ ነው ከአጥሩ ውጭ የጋሼ ገርባ ድምፅ የተሰማው።

"አባ ቦራ! አባ ቦራ፣ አለህ?"

ኡበይደላ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ሰማሽው? ዲንቄ፣ ሰማሽው? ይኸው በር ላይ ቆሞ ጮኸው!"

የዲንቄ አባት ስማቸው ጫምሳ ነው። ግን ጫምሳ የሚላቸው አልነበረም። በወጣትነታቸው በገዙት፣ ግንባሩ ነጭ በሆነው ፈረሳቸው ስም አባ ቦራ ተብለው ተጠሩ፣ በዚያው ጸኑ። ድሮ ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራው ጀግና ሲሆን ነበር፤ ባለ ጋሪዎቹ ደግሞ እርስ በርስ እንዲሁ ይጠራሩ ነበር፣ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከምር። የጫምሳ ግን ከምር ነበር። ዲንቄ አንደኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ የአባቷን ስም ብትጠይቃት "አባ ቦራ" ብላ መልሳ፣ ክፍሉ ሲስቅ አልቅሳ ወደ ቤት የተመለሰችው ለዚህ ነው። በቤታቸው ወግ ልጅ አባቱን በፈረስ ስሙ አይጠራም፤ ለልጅ አባት አባት ነው። ስለዚህ በዕድሜዋ ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ስም አባቷን ለመጥራት አንድ ቀን እንኳ ከራሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ያን ቀን አባቷን ስታስፈቅዳቸው ጫምሳ ሳቁ። ቦራ ከሞተ ቆይቷል፤ ጋሪውም ባጃጅ ሲበዛ ተሸጧል።

"ፈረሱ ሞቷል" አሉ፣ "ስሙ እንኳ ይሩጥ።"

እንግዲህ ስሙ ሮጠ።

ዲንቄ ቤት ስትደርስ አባቷ ከኒሙ ሥር በቤት ልብሳቸው ተቀምጠዋል። አዲሱ ኮት እሷ ያስቀመጠችበት አልጋ ላይ፣ እንደታጠፈ ነው።

"አባዬ! አልለበስክም እንዴ? ሰው ሁሉ እየጠበቀን ነው እኮ።"

"ሂጂ አንቺ። ራሴን አሞኛል።"

"ሰሞኑን ምንድን ነው ይሄ ራስ? እድርም ራሴን አሞኛል ብለህ ቀረህ።"

"ዕድሜ ነው፣ ኢንታላ ኮ። ልጄ፣ ዕድሜ ነው።"

ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለም። ልትቆጣ ከጅሏት እያለ የግቢው በር ተንኳኳ።

"ጫምሳ! ጫምሳ፣ አለህ?"

ዲንቄ መጀመሪያ እንግዳ ሰው መስሏት ነበር። በሩን ስትከፍት ጋሼ ገርባ ናቸው። ከአባቷ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ጎን ለጎን ጋሪ የነዱ፣ ዘወትር ከአጥር ውጭ ሆነው 'አባ ቦራ' እያሉ የሚጣሩት ጋሼ ገርባ።

"አካም፣ ልጄ። ደህና ነሽ? ጫምሳ፣ ዛሬ አመሻሽ ለቅሶ እንድረስ ብዬ ነው። የእድርተኛችን የራህመቶ ባለቤት እኮ ነች የሞተችው፤ ሰው ምን ይለናል?"

"እናያለን" አሉ ጫምሳ፣ ከመሬቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ጋሼ ገርባ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወጡ። ዲንቄ ተከትላቸው ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"ጋሼ ገርባ፣ ከአባዬ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?"

"እኛ? ምን አጣላን?"

"ጫምሳ ብለው ጠሩት።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከመንገዱ ማዶ የባጃጅ ተራ የሚጠብቁ ወጣቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

"ስሙ አይደል?" አሉ በመጨረሻ።

"እርስዎ እንደዚያ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።"

"እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ልጄ? ባለፈው አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ፣ 'አባ ቦራ፣ ና እዚህ ቦታ አለ' ብዬ ጮህኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። ለቅሶ ላይ ሳቁ! አንዱማ እንደዚያ ስልኩ እንደሚለው ድምፁን ጎትቶ፣ 'አባ ቦራ ወደቀ!' አለ። አባትሽ ወንበሩን ሳይነካ ወጣ። ከዚያ እኛ ሽማግሌዎቹ ተመካከርንና፣ ይቅር፣ እናቱ ባወጣችለት ስም እንጥራው አልን። እንዳይሳቅበት ብለን ነው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አንቺማ ደስ ብሎሽ ነበር" አሉ ጋሼ ገርባ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። እሷን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

ግቢ ተመልሳ ከአባቷ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

"ፈቅደህልኝ አልነበር፣ አባዬ?"

"ፈቅጃለሁ። መቼ ወቀስኩሽ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንድ ቀን ይተዉታል ብዬ። ልጅ ነገር ሲሰለቸው ይተወዋል።" ጫምሳ ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። "ግን ቦራ እኮ ወድቆ አያውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ያን ክረምት ጎርፉ ከተማውን ሲሞላው፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሲቀር፣ ያን ሁሉ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ያሻገረው ማነው? ውሃው ደረቱ ደርሶ፣ እኔ ራሴ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እሱ ግን አንድ እግሩን ሳያሟልጨው! ስሙን ያገኘሁት ያኔ ነው። እኔ አላወጣሁትም፤ ያሻገርኳቸው ሰዎች ናቸው ያወጡልኝ።"

ታሪኩን ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ የውሃውን ጥልቀት ሳይቀር። እያወቀች ግን ጨዋታው ውስጥ ፈረሱን የጣለችው ራሷ ናት። ሲወድቅ የሚጮኸውንም ቃል ራሷ ጽፋ፣ ራሷ በድምፅዋ ቀድታዋለች። ለእሷ ቦራ ፈረስ ነበር፤ ፈረስ ደግሞ ይወድቃል።

"ጨዋታ ነው፣ አባዬ" አለች ድምፅዋ እየደከመ። "የሚወድቅ ነገር ከሌለው ጨዋታ አይሆንም።"

"ይገባኛል። ግን ፈረሱና ሰውየው ያላቸው አንድ ስም ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ አይቀርም።" ጋሼ ገርባ ወደወጡበት በር አዩ። "አሁን ጫምሳ ሲሉኝ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ። ማንን እየጠሩ ነው እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ኢንታላ ኮ፣ ስም መልመድ ከበደኝ።"

ዲንቄ ብታለቅስ ይቀላት ነበር፤ እንባው ግን እምቢ አለ። ተነስታ ኮቱን ከአልጋው ላይ አነሳችና ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለችው።

አዳራሹ ስትመለስ ውድድሩ ተጀምሯል። ተጫዋቾቹ በረድፍ ተቀምጠው፣ ትልቁ ነጭ ግድግዳ ላይ ጋሪዎቹ ሲሮጡ ይታያሉ። በሩን አልፋ ሳትገባ አንዱ ጋሪ ከአይሱዙ ጋር ተላተመ። ፈረሱ ተገለባበጠ። ከግዙፎቹ ድምፅ ማጉያዎች የራሷ ድምፅ፣ የተጎተተ፣ ሳቅ የተቀላቀለበት፣ ወጣ።

"አባ ቦራ ወደቀ!"

አዳራሹ በሙሉ ተቀብሎ ጮኸ፤ ሰው ወንበሩን እየደበደበ፣ በሳቅ እየተንከተከተ። ያን ድምፅ ስትቀዳ ትዝ አላት። ብዙ ጊዜ ደጋግማ ነበር፤ ኡበይደላ "አሹፊበት፣ ትንሽ አሹፊበት" ሲላት፣ እሷም አሹፋ ነበር።

ኡበይደላ ሊቀበላት መጣ። "አባትሽስ?"

"አይመጡም። ስሙን እንቀይረዋለን።"

"የምኑን ስም?"

ይዛው ከመድረኩ ጀርባ፣ የሙሽራ መልበሻ ክፍል ገባች፤ ሁሉንም ነገረችው። ኡበይደላ ፊቱ ጨለመ። ጫምሳን ይወዳቸዋል፤ ከኒሙ ሥር ስንት ጊዜ አብሯቸው በልቷል።

"እኔ ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ" አለ። "ግን ዲንቄ፣ ስሙ ነው እኮ ጨዋታችንን ያሮጠው። እንደኛ ያለ የእሽቅድድም ጌም ሞልቷል። ሰውዬው የሚመጣው ለስሙ ነው። ሱቁን ትቼ ስወጣ አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ፤ አሁን ምን ብዬ ልመለስ?"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞ ብትቀይሪውስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጆቹ መቼ ይተዉታል? ባጃጅ ሾፌሩ መቼ ይተወዋል?"

"እሱንም አውቃለሁ" አለች ዲንቄ። የሚያንገበግባት ይህ ነበር። ማጥፋት የምትችለው የጻፈችውን እንጂ የተባለውን አልነበረም። "ቢሆንም ቢያንስ ከእኔ አፍ ይጥፋ።"

ላፕቶፑን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅዋን አጠፋች። ቀጥላ በስሙ ቦታ ላይ ያለውን ሰርዛ ባዶውን ሳጥን ታየው ጀመር። ኡበይደላ ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ተዘረጋ።

"እሺ ቢያንስ ቦራ ብቻ በይው። አባውን እናውጣው።"

"ቦራም እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያስ አጭር አድርጊው። አፍ የሚሞላ።"

ጻፈች። ኡበይደላ አንገቱን አስግጎ አነበበው። "የአዳማ ከተማ የጋሪ እሽቅድድም ጨዋታ።" ደግሞ አነበበው። "ይሄ ስም አይደለም፣ ዲንቄ። ማመልከቻ ነው።"

"ለዚህ ነው የመረጥኩት። ይሄን ብሎ ሰው ላይ የሚጮህ አይገኝም።"

ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን አልሳቀም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ ተነሳና ወጣ፤ መሰላሉ ሲጎተት ሰማችው። ባነሩን ሊያወርድ ነው። የአዲስ አበባው ሰውዬ መጥቶ፣ ወሬውን ሰምቶ፣ በትሕትና "እኛ የፈለግነው ስሙን ነበር" ብሎ ሄደ። ዲንቄ ለውጡን ወደ ተጫዋቾቹ ስልክ ላከችው። ለውጡ ግን ሁሉም ስልክ ላይ አይደርስም፤ አፕዴት የማያደርግ ሞልቷል። በእነዚያ ስልኮች ቦራ ነገም ይወድቃል፣ እሷም ነገ ትስቃለች።

ወደ ቤት ስትመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያዞረ መንገዱ ላይ ይጫወትበታል። ጋሼ ገርባ በስንት ልመና አባቷን አሳምነዋቸው መሆን አለበት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ከግቢው በር ወጥተው ወደ ለቅሶው እየሄዱ ደረሰች። አላዩዋትም። ጫምሳ አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳሉ። እንዲህ ሲሄዱ አይታቸው አታውቅም፤ ወይም ሳታስተውል ቀርታ ሳይሆን አይቀርም።

"ጫምሳ፣ ቀስ በል እንጂ" አሉ ጋሼ ገርባ፣ ከኋላ ቀርተው።

ማዶ ባጃጅ ተራው ላይ ወጣቶቹ እንደ ቅድሙ ተኮልኩለዋል። ዲንቄ ጨዋታው ስሙን እንደለወጠ ለአባቷ ልትነግራቸው ነበር የመጣችው። አሁን ግን የረባ ነገር መስሎ አልታያትም። ስሙን ከሰው ሁሉ አፍ ለማስጣል መንገዱ የላትም፤ ድሮ እንደነበረው አድርጎ የሚጠራው ሰው ግን ቢያንስ አንድ መኖር ነበረበት። በቤታቸው ወግ ልጅ አባቱን እንዲህ አይጠራም። አየር ሳበች።

"አባ ቦራ!"

ከተራው ላይ አንድ ሁለቱ ቀና አሉ። አንዱ ፊቱን አዙሮ ፈገግታውን ሸሸገ፤ ሌላው ግን በግልጽ ሳቀ። ጋሼ ገርባ ደንግጠው ቆሙ። ጫምሳም ቆሙ፤ ግን አልዞሩም። ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ቀስ በይ፣ ልጄ" አሉ። "ሰው ይሰማል።"

"ይስማ" አለች ዲንቄ፤ አለችና ደግማ ጠራቻቸው።